በሾላው ጥላ ሥር ያለው ገንዳ

አንድ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ በጋው ጠንክሮ ኩሬው እንደ አሮጌ ቁርበት ተሰነጣጠቀ። በቀረችው ጭልፋ ውሃ ውስጥ እመት እንቁራሪት ገና እግር ያላወጡ፣ ጭራቸውን የሚያወዛውዙ ሰባት ልጆቿን ይዛ ታለቅሳለች። አህያ ልትጠጣ መጥታ አየቻት።

«ምነው እቴ፣ ምን ሆንሽ?»

«ይህቺም ልትደርቅ ነው፣ እትዬ አህያ። እኔስ ዘልዬ እሄዳለሁ፤ እነዚህ በምናቸው ይዝለሉ?»

የአህያ ሆድ ባባ። ባለቤቶቿ ትተውት የሄዱት የድንጋይ ገንዳ ነበራት። ግን መሸከም እንጂ ቤት መሥራት ከየት ታውቃለች? እመት ቀበሮን አማከረች። ቀበሮ ደግሞ ከመሥራት ማሠራት ይቀናታል፤ ጅብን ጠራችው።

«አያ ጅቦ! ገንዳውን ከፀሐይ ጎትተህ ሾላው ሥር ብታደርስልን፣ ልጆቹ ያደጉ ዕለት ድግስ አለልህ።»

ጅብ «ልጆቹ» እና «ድግስ» የሚለውን ብቻ ሰማ። ምራቁን እያዝረከረከ ጎተተ።

አህያ ከምንጩ ቀዝቃዛ ውሃ አመላለሰች። ቀበሮ አሸዋ አጥባ ከገንዳው ውስጥ ከታች አነጠፈች፤ የቄጠማ ሥር በጠጠር አስያዘች፤ ለመደበቂያም ድንጋይ ደረደረች።

«በሉ እናስገባቸው!» አለች እንቁራሪት።

«ኧረ ቀስ! ውሃው ይጥራ፣ ቄጠማው ሥር ይያዝ» አለች ቀበሮ።

እስከዚያ አህያ ኩሬው ላይ ጠዋት ጠዋት አንድ ቅል ውሃ ትደፋ ነበር። በአራተኛው ቀን ልጆቹ በቅል ተቀድተው ገንዳው ውስጥ ገቡ፤ በቄጠማው መሃል ሽር ሽር አሉ።

ጅብ ግን በየቀኑ አፍንጫውን ይደቅናል። «አይወፍሩም እንዴ? ምን ታበሏቸዋላችሁ?»

«ድንጋዩ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ» አለች አህያ፣ ራቅ ብላ ቆማ። ምን ታድርግ፣ ጅብ ነው!

«እሱም ምግብ ሆነና!»

አህያ ምንጭ ስትወርድ ጠብቆ የደበቀውን አጥንት ገንዳው ውስጥ ዶለው። ለወለደችው እናቱ አጥንት ሰጥቶ የማያውቀው ጅብ!

በማግስቱ ውሃው ገማ። ልጆቹ ውሃው ላይ ተንሳፍፈው አፋቸውን ይከፍታሉ። አህያ አገሩን በጩኸት አናጋችው። ቶሎ ብላም ንጹህ ውሃ በቅል አቀረበች፤ እንቁራሪትም አንድ በአንድ አሻገረቻቸው። ሰባቱም ተንፈስ አሉ።

«እንዲሰቡ ብዬ ነው!» አለ ጅብ።

ቀበሮ አልተቆጣችም። «አይ አያ ጅቦ፣ የአጥንትህ መረቅ እኮ እዚሁ ቀረ። ልንደፋው ነው።»

«ይደፋል? እኔ ቆሜ!»

ጭልጥ አድርጎ ጠጣው፤ ገንዳውንም ላሰው። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ስንት ሳምንት ተጋድሞ አቃሰተ። እነሱ ገንዳውን አጥበው እንደገና ሞሉ፤ ጠበቁ፤ ልጆቹን መለሱ።

ጅብ እየተንገዳገደ ሲመጣ ገንዳው ውስጥ ቄጠማ ብቻ አየ። «ወየው! የት ሄዱ?»

«እዚህ ነን አያ ጅቦ!» እግር ያወጡት ሰባቱ ከገንዳው ጠርዝ ተነሥተው በአፍንጫው ላይ ዘለው ሣሩ ውስጥ ገቡ።

ጅብ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ጭራቸውስ? እኔ ሳልቀምስ ጭራቸውን ማን በላብኝ?»

አህያ በሳቅ ተንከባለለች። «ድግሴስ?» አለ ጅብ።

«ገንዳ ሙሉ መረቅ ጠጥተህ ሌላ ድግስ?» አለች ቀበሮ።

ከዚህ የምንማረው ትንሿን ነፍስ የሚያኖራት አኗኗሯን አይቶ የሚንከባከባት እንጂ በራሱ ሆድ ልክ የሚያጎርሳት አለመሆኑን ነው።