ባሻ ይግለጡ ለፍሉትና ለክላርኔት ያቀናበሩት ጉድ

የባሻ ይግለጡን ነገር ያወጉኝ የክላርኔት መምህሬ አቶ ፈረደ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ከባሻ ጋር ፍሉት ይነፋ ከነበረው ከሣህሉ ከራሱ አፍ ሰምተዋል። ሣህሉ ሲያወራ ትንሽ ጨው ጣል ያደርግ ነበር ይባላል፤ መምህሬም ቢሆኑ አልጫ ወሬ አይወዱም። እኔማ ራሴን አውቀዋለሁ። ስንት ዓመት ክላርኔት ስነፋ ጎረቤቶቼ መስኮት የሚዘጉት ብርድ ፈርተው ነው እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለ መጥፎ ክላርኔት ነፊ ከእኔ የተሻለ የሚያወራላችሁ አታገኙም። የከተማውን ስም ግን አልጠራም። የደጃዝማቹ የልጅ ልጆች ዛሬም አሉ፣ ቁጡዎች ናቸውም ይባላል።

፩

ደጃዝማች አምደ ሥላሴ በሚገዙት አገር አንድ የማርሽ ባንድ አቁመው ነበር። ትራምፔቱ፣ ትሮምቦኑ፣ ከበሮው፣ ምን ቅጡ፣ ሲነፋ ገደል ማዶ ይሰማ ነበር። ኋላ አዲስ አበባ የባንዱን ዝና ሰማችና ነፊዎቹን ከነመሣሪያቸው ጠርታ እዚያው አስቀረቻቸው። ማንም ያልጠራቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ተረፉ፤ ፍሉት ነፊው ሣህሉና ክላርኔት ነፊው ባሻ ይግለጡ። ደጃዝማቹ ባንዳቸው ፈረሰ መባሉን እንደ ሽንፈት ቆጠሩት። ባሻን አስጠርተው፣ ያን ሁሉ ማርሽ ለሁለት ሰው እንዲሆን አድርገህ አቀናብር አሏቸው። በአገሩ ኖታ የሚጽፍ ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ ባሻ ይችሉበት ነበር ማለቴ አይደለም።

በነጋታው አንድ የደብር አለቃ መንገድ ላይ አገኟቸው። አለቃው ዘፋኝና ነፊ አይወዱም። ሌላውን ሁሉ መርጠው ሲወስዱ አንተን ምነው ጣሉህ ብለው በሰው ፊት ሸነቆጧቸው።

«አባቴ፣ በደንብ ነው የመረጡት፤ ስነፋ ሰምተውኛል።»

፪

የመጀመሪያውን ማርሽ ሲያቀናብሩ ባሻ ሲያጠቅሱ ሲጽፉ ውለው የሣህሉን ኖታ ጨረሱ። ከዚያ ደከማቸውና ያንኑ ገልብጠው ለራሳቸው ያዙ። እዚህ ላይ ሙያውን ለማያውቅ አንድ ነገር ላስረዳ። ክላርኔት ጠባየ ክፉ ነው። ከተጻፈለት አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ነው የሚጮኸው። ከፍሉት ጋር እንዲገጥም ከተፈለገ የእሱ ኖታ አንድ ደረጃ ከፍ ተደርጎ መጻፍ አለበት። ይህን የማያውቅ ክላርኔት ነፊ የለም፤ አንድ ቀን ያልረሳውም የለም። ባሻም ረሱት።

በእሑድ ግብር ላይ መኳንንቱ በየማዕረጋቸው ተቀምጠው ሳለ ሁለቱ ብድግ ብለው መንፋት ጀመሩ። ፍሉቱ ወዲያ፣ ክላርኔቱ ወዲህ ሆነ። ሣህሉ እንተወው ብሎ በዓይኑ ለመናቸው። ባሻ ግን ጀምሮ መተው የባሰ ውርደት ነው ብለው እስከ መጨረሻው ዘለቁ። ገበታ ሥር ተኝቶ አጥንት ይግጥ የነበረው የደጃዝማቹ ውሻ አጥንቱን ጥሎ ወጣ። ሲያበቁ ደጃዝማቹ አጨበጨቡ። እሳቸው እያጨበጨቡ ማን እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ። ደጃዝማቹም እንዲህ ያለ ማርሽ ሰምቼ አላውቅም፣ የምትፈልገውን ሽልማት ተናገር አሏቸው።

«ሽልማቱስ ይቅር ጌታዬ፤ እኔ የውሻውን ፍርድ ተቀብያለሁ።»

ምን ማለትህ ነው ሲባሉ ባሻ ጥፋታቸውን አንድ ሳያስቀሩ አስረዱ። ደጃዝማቹ በሳቅ ፈረሱ። ሽልማቱ ግን እንደተባለው ቀረ። ሣህሉ ይህችን ሲያወራ እስከ እርጅናው ድረስ ይናደድ ነበር ይላሉ መምህሬ፤ የእሱም ድርሻ አብሮ ቀርቷላ።

፫

የደጃዝማቹን ግምጃ ቤትና ጓዳ የሚይዙት በጅሮንድ ቢያድግ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ሰው ሲበላ ባዩ ቁጥር የራሳቸውን ሆድ የሚቆርጣቸው ዓይነት ናቸው። ሁለት ሰው አንድ ማርሽ እየነፋ ለምን ሁለት ድርጎ ይበላል የሚል ነገር ካንገበገባቸው ቆይቷል። ከባንዱ የሚሰናበት ሰው ደግሞ የሚላከው ቆላ ወርዶ ኬላ እንዲጠብቅ ነው። የባሻ ታላቅ ወንድም እዚያ ወርዶ ወባ ገድሎታል። ከዚያ ወዲህ ባሻ የቆላ ነገር ሲነሣ ፊታቸው ይለዋወጥ ነበር። ቀልደኛ አይፈራም ያለው ማነው? ይፈሩ ነበር፤ አጥብቀው ይፈሩ ነበር።

ታዲያ ባሻ ሲያቀናብሩ አስቸጋሪ ቦታ በደረሱ ቁጥር ለፍሉቱ ኖታ፣ ለክላርኔቱ እረፍት ይጽፋሉ። በጅሮንድ ቁጭ ብለው ሲታዘቡ ሣህሉ የአንገቱ ሥር ተገትሮ ይነፋል፣ ባሻ ክላርኔታቸውን ታቅፈው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። አላስቻላቸውም። እስኪያበቁ ጠብቀው፣ እሱ ሲደክም አንተ ቆመህ ትውላለህ፣ ድርጎ ላይ ግን እኩል ናችሁ፣ ለመሆኑ ምን ሠራሁ ትላለህ ብለው አፋጠጧቸው።

«ጌታው፣ ሰው ማርሹን የሚወደው እኔ ዝም ባልኩበት ቦታ ነው፤ ያን ቦታ የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

፬

ሣህሉም ቢሆን ቅሬታ አላጣም። ባሻን እንደ ታላቅ ወንድሙ ያከብራቸው ነበርና ብዙ ጊዜ ቻለው። በኋላ ግን ሳንባው ሲያልቅ፣ ጋሼ፣ ዳገቱን ሁሉ ለእኔ ሜዳውን ሁሉ ለራስዎ እየጻፉ እስከ መቼ ነው፣ እስቲ አንዷን ከባድ ቦታ እንኳ ለክላርኔቱ ያድርጓት ብሎ ለመናቸው።

«እኔ ብነፋት ከባድ መሆኗን ማን ያውቅልናል ወንድሜ፤ ባሻ እንደ ልማዳቸው ነፉ ነው የሚባለው።»

፭

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ፊታውራሪ በበቅሎ መጡና ክላርኔት ካልተማርኩ አሉ። በጦር ሜዳ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ያልቻሉት ነገር ያለ አይመስላቸውም። ባሻ እንቢ ማለት አልቻሉም፤ መሣሪያውን ጠራርገው ሰጧቸው። ፊታውራሪ ጉንጫቸውን ነፍተው አንድ ጊዜ ሲለቁት የታነቀ ዶሮ ድምፅ ወጣ። እሳቸው ግን በጣም ደስ አላቸው። ላባቸውን ጠርገው፣ እንደ አንተ ለመንፋት ምን ያህል ጊዜ ይፈጅብኛል ብለው ጠየቁ።

«እንደ እኔስ አሁኑኑ ነፉት ፊታውራሪ፤ ጊዜ የሚፈጀው ከዚያ ወዲያ ያለው ነው።»

ፊታውራሪ ይህን እንደ ምስጋና ወስደው ለከተማው ሁሉ አወሩት። እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለ ተማሪ ቢመጣልኝ ደስታዬ ነበር፤ ቢያንስ ከእኔ እኩል የሚሆን ሰው አገኝ ነበር።

፮

ባሻ አዲስ ያቀናበሩትን የሚሞክሩት ማለዳ ማለዳ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነው። አጥር ለአጥር የሚጎራበታቸው ዘርጋው የሚባል ነጋዴ ነበር። ከዕለታት አንድ ማለዳ የዘርጋው በቅሎ ገመዷን በጥሳ፣ አጥሩን ጥሳ ጠፋች። በስንት ፍለጋ ማዶ አገር ተገኘች። ዘርጋው በቅሎዬን ያስበረገጋት የእሱ ክላርኔት ነው ብሎ ከሰሳቸው። ዳኛው ኮስታራ ሰው ነበሩ። ባሻን ታምናለህ ወይስ ትክዳለህ አሏቸው።

«አምናለሁ ጌታዬ፤ ክላርኔቱ አፌ ውስጥ ባይሆን እኔም አብሬያት እሸሽ ነበር።»

ዳኛው ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው፣ ከእንግዲህ ወንዝ ወርደህ ንፋ ብለው ፈረዱ። ባሻም ወንዝ ወረዱ። ልብስ አጣቢዎቹ ወደ ሌላ ወንዝ ሄዱ ይባላል፤ ይህቺ ግን የሣህሉ ጭማሪ ሳትሆን አትቀርም።

፯

ይህን ሁሉ ቀልድ በጅሮንድ ቢያድግ ሳይስቁ እየሰሙ ያጠራቅሙ ነበር። አንድ ዓመት ዝናቡ ከፋ፣ እህሉ አነሰ፣ የግቢው ጎተራ ጎደለ። ደጃዝማቹ ሹማምንቱን ሰብስበው ከግቢው ሰው የሚቀነስ ካለ ንገሩኝ አሉ። በጅሮንድ ከሁሉ ቀድመው ተነሡ። ክላርኔተኛው ይሰናበት፣ ቆላ ወርዶ ኬላ ይጠብቅ አሉ። እኔ ከራሴ አንዲት ቃል አልጨምርም፣ ሰውየው በገዛ አፉ መስክሯል ብለው፣ ባሻ በየቦታው በራሳቸው ላይ የቀለዱትን ሁሉ አንድ በአንድ ደረደሩት። መጀመሪያ ሰው ሳቀ። ደጃዝማቹ እንዳልሳቁ ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠ።

መምህሬ እዚህ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ሣህሉ ሊማጸን ብድግ አለና ፈርቶ ተመልሶ ተቀመጠ። ባሻ መሐል አዳራሽ ለብቻቸው ቆመዋል። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ይሳቅ ብለው የተናገሩት ሁሉ ያን ዕለት ክስ ሆኖ መጣባቸው። ወንድማቸው ትዝ ብሏቸው እንደሆነ እንጃ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር ይላል ሣህሉ፤ በዚህ ላይ የጨመረ አይመስለኝም። ደጃዝማቹ ወደ ባሻ ዞሩ።

«ክፉ ነፊ ነኝ ያልከው አንተው ነህ። እንግዲህ እኔ ምን ብዬ ላስቀርህ?»

ባሻ እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉና እጅ ነሡ።

«ጌታዬ፣ በዚህ ሁሉ ዘመን ክፉ መንፋቴን ከእኔ በቀር የነገረዎት ሰው አለ? እኔ ቆላ ከወረድኩ ከእንግዲህ እውነቱን ማን ይነግርዎታል?»