የአባታችን ጃኬትና ባለገበሩ ዳንቴል

በአንድ ወቅት በደሴ ከተማ የሆነውን ይህን ነገር ሉባባ ይመር ለአንድም ሰው ተናግራ አታውቅም። ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬም ዳንቴል ባየች ቁጥር ፊቷ ፍም ይመስላል። ግን ይነገር።

አባቷ አቶ ይመር በአሰብ መንገድ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና የነዱ ሰው ነበሩ። ጉልበታቸው አልታዘዝ ሲል ሦስቱ ልጆቻቸው ተመካክረው መሪ ያለው የጌም ኮምፒውተር አመጡላቸው። ሽማግሌው ከሶፋቸው ሳይነሱ የሰው አገር ተራራ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። በረዶ የለበሰውን ቁልቁለት ራሳቸው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚያስወርደው ጠመዝማዛ ስም “ሐረጎ” ብለው ሰይመውታል።

ሉባባም የድርሻዋን ልታደርግ፣ በእረፍት ሰዓቷ መምህራን ክፍል ተቀምጣ ለኮምፒውተሩ ነጭ ዳንቴል ሠራችለት። አቧራ እንዳያሳልፍ ገበር ጨመረችበት፤ ጠርዙ እስከ ወገቡ ይወርዳል። ቴሌቪዥኑም፣ ራዲዮኑም፣ ፍሪጁም ዳንቴል ለብሰው ስለኖሩ ማንም ልብ አላለውም።

ብዙ ሳይቆይ መንገዱ ታመመ። በሰከንድ ስልሳ ምስል ያሳይ የነበረው ስክሪን፣ ጉዞው ሃያ ደቂቃ ሲሞላ ወደ አሥራ አምስት ይወርዳል። እንደ ውኃ ይፈስ የነበረው መንገድ እየተቆራረጠ ይዘላል፤ አቶ ይመር መሪውን እስኪያዞሩ መኪናው ገደል ገብቷል።

“ሠላሳ ዓመት ያልገለበጥኩትን መኪና በጡረታዬ ልገልብጥ?” አሉ። ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የቆዳ ጃኬታቸው አገጫቸውን ቀስረው፣ “መንገዴን ላቀናልኝ ያ የእሱ ነው” ሲሉ ቃል ገቡ።

ጃኬቱ ተራ ልብስ አልነበረም። አባታቸው ከመንገድ ሲገቡ ሦስቱም ሕፃናት ተሻምተው የሚሸፈኑበት ነበር። ዛሬም ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል።

ታላቁ እንድሪስ ነርስ ነው። ሁሉም “ጌሙ ነው የተበላሸው” እያሉ ሦስት ጊዜ አጥፍተው ሲጭኑት፣ እሱ የማሽኑን ሙቀት የሚያሳይ ፕሮግራም ከፍቶ ሦስት ቀን ሙሉ በየአምስት ደቂቃው መዘገበ። “ዘጠና አምስት ዲግሪ! ሰው ቢሆን ይኼኔ ቀብረነው ነበር” አለ። ማሽኑ ሲግል እንዳይቃጠል ራሱን እንደሚያዘገይ የደረሰበት እሱ ነው።

ተከታዩ ጀማል ጋራዥ ውስጥ ያደገ ነው። “አንተ ትኩሳት ስትለካ በሽተኛው ሊሞት ነው፤ ዞር በል!” ብሎ ዳንቴሉን አጥፎ ሶፋው ላይ አኖረና ኮምፒውተሩን ፈታታው። ከሆዱ አንድ እፍኝ ጥጥ የሚያህል አቧራ አወጣ፤ ሙቀት የሚያስተላልፈውን የደረቀ ቅባት ቀየረ፤ ሁለተኛ ማራገቢያ ገጠመ። ቢሞክሩት አንድ ሰዓት ሙሉ አልተቆራረጠም። ጀማል ወደ ጃኬቱ እጁን ዘረጋ።

“ነገም ይሞከር” አሉ አባትየው።

ሉባባ እንደ ልማዷ ቤቱን ስታሰናዳ ዳንቴሉን ቦታው መለሰችው። በማግስቱ አቶ ይመር አርባ ደቂቃ ነዱና ገደል ገቡ።

“አይ መካኒክ! ደግነቱ ሰው አላከምክ” አለ እንድሪስ።

ሉባባ ደግሞ የፊዚክስ መምህርት ነች። ሐሙስ ጠዋት ሰሌዳው ላይ “ሙቅ አየር ወደ ላይ ይወጣል” ብላ እየጻፈች ሳለ ጠመኔው አየር ላይ ቀረ። የኮምፒውተሩ አየር መውጫ አናቱ ላይ ነው። አናቱ ላይ ያለው ደግሞ የእሷ ባለገበር ዳንቴል ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ቤት እንደገባች “ቆሽሿል፣ ልጠበው” ብላ ዳንቴሉን አነሳችና ሣጥኗ ውስጥ ከተተችው። ከሰዓት በኋላ አቶ ይመር ሐረጎን ወጥተው ወረዱ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ አንዴም አልተደናቀፉም። “ኮምቦልቻ ገባን!” እያሉ እንደ ሕፃን ሳቁ።

ወንድማማቾቹ ወዲያው ተያያዙ።

“ሙቀት መሆኑን ማን ነገረህ?” አለ እንድሪስ።

“ነግረኸው ዳነ? ያዳነው እጄ ነው! ማራገቢያው እስኪላመድ አንድ ቀን ቢዘገይ ምን አለበት?”

“በቃ!” አሉ አባትየው። “ሉቤ፣ የኔ እናት፣ አንቺ ማረም የለመድሽ ነሽ። ነገ ጠዋት ጃኬቱን ለሚገባው ስጪልኝ።”

ሉባባ ልትናገር አፏን ከፈተች። የሙቀትን ነገር የምታስተምራቸው ተማሪዎቿ ቢሰሙ የሚሉት ትዝ አላትና መልሳ ዘጋችው።

በማግስቱ ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ተነሳች። ጃኬቱን ከግድግዳው አወረደች፤ አራገፈችው፤ አንዴ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ናፍጣውን አሸተተች። ከዚያ አጣጥፋ በአባቷ ሶፋ ላይ አኖረችው፣ አፏ ያልቻለውን እሱ ይናገርላት ብላ ያንን ዳንቴል አለበሰችውና ወደ ትምህርት ቤቷ ሄደች።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። በሽታውን ለይቶ ያወቀው እንድሪስ አለ፤ ሆዱን ከፍቶ ያጸዳው ጀማል አለ፤ ራሷ ያለበሰችውን ራሷ ገፍፋ ያዳነችው፣ ግን ያልተናገረችው ሉባባ አለች። ጃኬቱ የሚገባው ለማን ነው?