ማጭድ ያልነካው መስክ

አንድ ሰው ነበረ፤ የደጋ መስክ ጠባቂ። ልጅህን ከግቢ የማታወጣት ለምን እንደሆነ ብጠይቅህ «ክፉ እንዳይነካት ብዬ ነው፤ ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?» አልከኝ አይደል? እንግዲያው ስማኝ።

መስኩ የመንደሩ ሁሉ ነው። ክረምቱን ተከልሎ ይከርምና መስከረም ሲጠባ አደይ አበባው፣ የማገጡ አበባ፣ ምኑ ቅጡ፣ ዓይን ያጠግባል። አበባው ዘሩን ሲያራግፍ ሰዉ በደቦ ወጥቶ ያጭዳል፣ ድርቆሹን ይከምራል፤ ከዚያ ከብቱ ይገባል። ከአያት የወረደ ሥርዓት ነው።

ጠባቂው ግን አበባ ወዳድ ነበር። ወዳድ ስልህ፣ እብድ ነው! አንድ ዓመት ሰዉ ማጭዱን ይዞ ሲመጣ በሩ ላይ ገተር ብሎ «እኔ በቁሜ አበባዬ የበቀለበትን ሣር ማጭድ አይነካውም!» አለ። ቢለምኑት፣ በሽማግሌ ቢያስመክሩት፣ ወይ ፍንክች! ዙሪያውን በእሾህ አጠረው። የመንደሩ በሬ በጋውን አጥንቱ ገጦ ከረመ።

በመስኩ መሀል ካለው ጉብታ ማዶ ባለች ጥግ ብቻ አንድ ሌባ በየዓመቱ ሾልኮ እየገባ ያጭድ ነበር። የጠባቂው እርግማን አይጣል ነው። አበባው ከዓመት ዓመት ሲሳሳም «ይሄ ሌባ ጨረሰኝ» እያለ እሾህ ይጨምራል፤ አበባውን እንዳይረግጥ ብሎ ግን እሱም ከአጥሩ አያልፍም።

በአንድ የመስቀል ዋዜማ አንዲት ባልቴት ለደመራ የሚሆን አደይ ለመኑት። ኩራት ኩራት አለው። «ይግቡ እማማ፤ እንደኔ የጠበቀ የለም» ብሎ በሩን ከፈተላቸው።

ገቡ። አንድ አደይ የለም። ሣሩን በእጁ ገለጠው፤ ከሥር የስንት ዓመት ሣር ተጋድሞ፣ በስብሶ፣ እንደ ሰሌን ተነጥፎ ዘሩን አፍኖታል። አይጥ ተርመሰመሰ። ሮጦ ሌላ ቦታ ገለጠ፤ ያው ነው። ክው አለ!

ባልቴቷ ጉብታው ላይ ወጥተው «አንተ ልጅ፣ ና እስቲ ይህን እይ!» አሉት።

ወጣ። ያቺ ሌባው የሚያጭዳት ጥግ ቢጫ በቢጫ ሆናለች። ሰውዬው እዚያው ዘጭ አለ። «ወይኔ! ሌባው አኖረው፣ እኔ ገደልኩት!» ብሎ አለቀሰ።

እና አንተዬ፣ ያ የበሰበሰ ሣር ፍርሃትህ ነው፤ በየዓመቱ ሳይታጨድ ልጅህ ላይ ተከመረ። የዚያች ልጅ ሳቅ ድሮ ከወንዝ ማዶ ይሰማ ነበር። ዛሬ እኔ ስገባ አንገቷን ደፍታ ጓዳ ገባች። አላየኸኝም እንጂ እኔም ክው ብያለሁ። ሰኞ የትምህርት ቤት ምዝገባ ነው። ተነሥ፣ በሩን ክፈትላት።