ከተራቸው የማይነሡት ተሸካሚዎች

«አንድ ጓዳ ጠባቂ ነበረ» አሉ መምህር አጥናፉ። አስካለ ጥያቄዋን ጨርሳ አንገቷን ደፍታለች። ከቆዳ ፋብሪካው በታች ካለው ወንዝ የምትቀዳ ሴት ናት፤ አረቄ በአፏ ዞሮ አያውቅም። ሐኪሙ ግን ጉበቷ ስብ እንደ ቋጠረ ነገራት። ጎረቤቱም «ተደብቃ ትጠጣለች» ብሎ ራቃት። «የኔታ፣ ምን በድዬ ነው?» ነበር ያለችው።

ጓዳ ጠባቂው በአንድ ባለጸጋ ቤት ከገጠር የሚመጣውን ቅቤ እየተረከበ ለተሸካሚዎች ያድል ነበር። ጓዳው ከግቢው ጀርባ ስለ ሆነ የሚጎበኘው አልነበረም። የቤቱ ሥርዐት ጥብቅ ነው፤ ተሸካሚዎች መደቡ ላይ በተራ ይቀመጣሉ፤ የፊተኛው ተሸክሞ ሳይነሣ ለኋለኛው አይሰጥም። ጠባቂውም ተራ አዛብቶ አያውቅም።

አንድ ቀን የተሸካሚ ልብስ የለበሰ እንግዳ ገብቶ ከመደቡ ራስ ተቀመጠ። ጠባቂው ማሰሮውን አነሣለት።

«ተቀበለኝ እንጂ፣ ወንድሜ።»

እንግዳው አልተቀበለም፤ አልተነሣምም። አልሰረቀም፤ አልተሳደበም። በማግስቱ መሰሉ መጥቶ ከጎኑ ተቀመጠ፤ ከዚያም ሌላ።

«ኧረ ጋሼ፣ ዛሬም ተራው የእነዚህ ሐውልቶች ነው?» እያሉ እውነተኞቹ ተሸካሚዎች አፌዙበት። በኋላ ሰልችቷቸው ቀሩ።

ቅቤው ግን መምጣቱን አላቋረጠም። ማሰሮ በማሰሮ ላይ ተደረበ፤ ጠባቂው መኝታው እንኳ ጠበበው። የሰው ድምፅ ሲናፍቀው እንግዶቹን ያዋራቸዋል፤ የሚመልስለት የለም። የሰረቀውም የመታውም ስለሌለ ጌታውን መጥራት አፈረ።

ቅቤው ቀልጦ በደጅ ሲፈስ ባለጸጋው መጣ። «አንተ ስስታም! ለማን ነው የምታከማቸው?» ብሎ በትሩን ሰነዘረ። ጠባቂው በጣቱ መደቡን አሳየው።

ባለጸጋው የእንግዶቹን እግር አየ፤ እስከ ጉልበታቸው እርጥብ ነው። ዱካቸውን ተከትሎ ሄደ፤ ዱካው ወደ ወንዙ በሚያወጣው የውሃ መቅጃ በር ላይ አደረሰው። በሩ መዝጊያ የለውም። መዝጊያውን፣ ዕቃው ቶሎ እንዲገባለት ብሎ፣ ያስነቀለው ራሱ ነበር።

በትሩን አወረደ፤ በሩንም አስዘጋ። እንግዶቹ ግን ቶሎ አልወጡም። ጠባቂው ከእነርሱ ጋር ብዙ ክረምት አሳለፈ።

መምህሩ ወደ አስካለ ዞሩ።

«ጠባቂው ጉበትሽ ነው። እንግዶቹ ከፋብሪካ የሚወጡ፣ ዘመን የማይሽራቸው ኬሚካሎች ናቸው። አንዳንዶቹ ስብን መስለው ገብተው የጉበትን ሥራ ያውካሉ ተብሎ ይጠረጠራል። የአንቺ ሕመም ከዚህ ነው ብዬ አልምልም፤ አዋቂዎቹም ገና እየመረመሩ ነው። ሐኪምሽ ያዘዘሽን አንዱንም እንዳትተዪ። ነገር ግን ያልሠራሽውን ኃጢአት አትሸከሚ። ነገ ቀበሌ ሄደሽ ውሃው እንዲመረመር ጠይቂ።»

«ከእኔ ጋር ማን ይሄዳል፣ የኔታ?»

«ጎረቤቶችሽ ናቸዋ» አሉ መምህሩ። «የሚቀዱት ከዚያው ወንዝ አይደለም?»