ጊታሩ ዝም ሲል

ፊታውራሪ አምዴ በስተርጅና ጊታር ወደዱ። በልጅ ልጃቸው ክርስትና ላይ ሊጫወቱ አስበው፣ የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላውን አምፕሊፋየራቸውን እንዲያስተካክል አንድ አፈ ስለታም ሽማግሌ ሬዲዮ ጠጋኝ አስጠሩ።

ጠጋኙ የአምፕሊፋየሩን ጀርባ ከፍቶ ቫልቮች ለሚባሉት የመስታወት አምፖሎች የሚደርሰውን የኤሌክትሪክ ኃይል ሲለካ፣ ፊታውራሪ የጊታሩን ክር መነካካት ጀመሩ።

«ይተዉት ጌታዬ፤ ይህ የሚለካው ጊታሩ ዝም ሲል ነው» አላቸው።

ቅር እያላቸው ተዉት። ኃይሉ ከበዛ ቫልቮቹ ይቃጠላሉ፣ ካነሰ ድምፁ ይሻክራል፤ እሱ ልኩን አገኘለት።

የክርስትናው ዕለት ፊታውራሪ መጫወት ሲጀምሩ ሕፃኑ አለቀሰ፣ የነፍስ አባታቸው በቅሎም ማሰሪያዋን በጥሳ ሄደች። ቢያፍሩ ጊዜ ጠጋኙን አስመጥተው እንግዳው ፊት አቆሙት።

«ተናገር! ጥፋቱ የማን ነው? የአምፕሊፋየሩ ካልክ ሥራህን አበላሽተሃልና ትታሰራለህ። የጣቴ ካልክም ደፍረኸኛልና ትገረፋለህ።»

ሽማግሌው እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ እኔ ያስተካከልኩት ጊታሩ ዝም ብሎ ሳለ ነው፤ እርስዎም አይተዋል። እስቲ አሁንም ጊታሩን ያስቀምጡና እንግዳው ያዳምጥ። አንዲት እንከን የሰማ ሰው ካለ ልታሰር።»

ፊታውራሪ ጊታሩን አስቀመጡ። ቤቱ ጸጥ አለ።

በቅሎ የጠፋባቸው የነፍስ አባት በረጅሙ ተነፈሱ።

«ተባረክ ልጄ አምዴ! ይችኑ ድገምልን።»