ደጅ የጠናው ብርሃን

ሰውነታቸውም ማዕረጋቸውም የገዘፈ ግራዝማች ወንድይራድ የሚባሉ ሰው ነበሩ። የእልፍኛቸው ጨለማ ቢያስመርራቸው፣ ግድግዳ በመለሰን የታወቀች አንዲት ሴት አስጠሩ። እልፍኙ መስኮት የለውም፤ ያለው አንድ በር ብቻ ነው። ግራዝማች ራሳቸው አስጠርተዋት እንኳ ሴትዮዋ ሦስት ቀን ሙሉ ደጅ ስትጠና ሰንብታ ነው የገባችው።

«እስከ ቅዳሜ ቤቱ ወለል ብሎ ካልበራ፣ ልስኑን በጥፍርሽ ነው የማስፍቅሽ!» አሏት።

ሴትዮዋም ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች በነጭ አፈር ለቀለቀችው። ቅዳሜ ጠዋት ግራዝማች መጡ። ካባቸውን እንደደረቡ፣ ሁለት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ በሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልተው ቆሙና ወደ ውስጥ አፈጠጡ።

«የታለ ብርሃኑ? አሁንም ድቅድቅ ጨለማ ነው! በይ ጥፍርሽን አዘጋጂ!» ብለው ጮኹ።

ሴትዮዋ እጅ ነሳችና፣ «ጌታዬ፣ ብርሃኑማ ገና በማለዳ መጥቷል» አለች። «ነገር ግን እርስዎ በር ላይ ቆመው ሳሉ ማን ደፍሮ አልፎ ይገባል? እንደኛው ውጭ ቆሞ ደጅ እየጠና ነው። እባክዎ ፈቀቅ ይበሉለትና ሦስት ቀን ሳይሞላው ያስገቡት።»