ፊት አላሳይም ያለችው ፔጆ

«ጋሼ፣ ይህችን መኪና እንዲህ የጠላት ማነው?» አለኝ ባለጋራዡ ዚያድ።

ኮፈኗ ላይ አጎንብሷል። በእጁ የኪስ ባትሪ ይዟል። በድሬዳዋ ጠራራ ፀሐይ ባትሪ አብርቶ ነው የሚያያት። ሐኪም ሆኗል።

እኔም ጠጋ ብዬ አየሁ። ኮፈኗ ክብ በክብ ተጭሯል። ሸረሪት አድራበት ድሯን ጥላ የሄደች ትመስላለች። ፓራፋንጎውም እንደዚያው። በሩም እንደዚያው።

የጠላት የለም፣ የሚወዳት ነው አልኩት።

የሚወዳት ሙሜ ነው፤ የሰፈራችን ዘበኛ። ጠዋት ጠዋት የአሮጌ ሽርጡን ቁራጭ ይዞ ይመጣል። አቧራዋን በደረቁ ይወለውላል። ክብ በክብ፣ ክብ በክብ። ያዘዘው ሰው የለም። ለአክብሮት ነው። ስንት ዓመት አክብሮኛል። ይኸው አክብሮቱ በባትሪ ይታያል።

ዚያድ ባትሪውን አጠፋ። የድሬ አቧራ የተፈጨ ድንጋይ ነው አለኝ። በደረቅ ጨርቅ ከወለወሉት ከብርጭቆ ወረቀት አይለይም፤ ሰውየውን በቃ ይበሉት አለኝ። እሺ አልኩት። እሺ ማለት አይከብድም። የሚከብደው ሙሜን በቃ ማለት ነው። ሊያከብርህ የመጣን ሰው ምን ብለህ ትመልሰዋለህ?

መኪናዋ ሰማያዊ ፔጆ ናት። አርጅታለች። እኔም አርጅቻለሁ። ስንሄድ ላየን ሰው ማን ማንን እንደሚነዳ አይለይም። ልጄን የዳርኳት በእርሷ ነው። እሑድ ደግሞ የልጅ ልጄ ሩሐማ ልታገባ ነው። የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሙሽራዋን በዚህች መኪና እኔው ልውሰዳት።

ሩሐማ መጣችና መኪናዋን ዞራ አየቻት። የሙሽራው ሚዜ ዮናታን አዲስ ነጭ መኪና አለው። ልቧ ወደዚያ ነው። አልዋሸችኝም።

«አባባ፣ ኮፈኗ ላይ ፊቴ ከታየኝ ካንተ ጋር እሄዳለሁ። ካልታየኝ በነጯ ነው» አለችኝ።

እናቷ ስታገባ ፊቷን በመስታወት ነበር የምታየው። ጊዜው ተለውጧል።

እንግዲህ ሩሐማ በመኪናዋ አልሄድም አለች። መኪናዋ ደግሞ ፊት አላሳይም አለች። ለዚህ ነው ዚያድ ጋራዥ የመጣሁት።

ፖሊሽ አለህ ወይ አልኩት። አለኝ አለ። ታዲያ ቀባው አልኩት። ፖሊሽ ለብቻው ቅባት ነው አለኝ። ጭረቱ እንዲጠፋ በማሽን መታሸት አለበት፤ መጀመሪያ በሻካራው፣ ቀጥሎ በለስላሳው። በእጅ አይሆንም ወይ አልኩት።

«ይሆናል እንጂ። ለሩሐማ ልጅ ሠርግ ይደርሳል» አለኝ።

በማሽኑ አድርገዋ፣ አልኩት። ማሽኑን አንሥቶ አሳየኝ። ጥሩ ማሽን ነው። ጫፉ ላይ የበግ ፀጉር አለው። አይዞርም። ከጋራዡ ጣሪያ ሥር ሽቦ ተቃጥሎ መብራት የለም።

ሩሐማ በመኪናዋ አልሄድም አለች። መኪናዋ ፊት አላሳይም አለች። ፖሊሹ መኪናዋን አላጠራም አለ። ማሽኑ ፖሊሹን አላሽም አለ። መብራቱ ማሽኑን አላዞርም አለ። እንቢ ያላለ እኔ ብቻ ነኝ።

ተካልኝ ዘንድ ሄድኩ። ተካልኝ የመብራት ሠራተኛ ነው። ከቀትር በኋላ ነበር የሄድኩት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። በድሬ ከቀትር በኋላ የሚሠራው መንጋጋ ብቻ ነው። ምንጣፍ ላይ ጋደም ብሏል፣ ጫቱ ፊቱ ነው፣ ደስ ብሎታል። ችግሬን ነገርኩት። ያንን ሽቦማ አሁን ነው የምቀጥለው አለ። ጋራዡን ብቻ አይደለም፣ መንገዱን ሁሉ አበራዋለሁ አለ። ሰፈሩን ሁሉ አለ። ወደ ሐረር መንገድ ሲደርስ፣ ተነሣ አልኩት።

መሰላል የለኝም አለኝ።

የመብራት ሠራተኛ ሆነህ? አልኩት። ነበረኝ፣ እትዬ ዘሃራ ማንጎ ልታወርድበት ወስዳው ነው አለኝ። ማንጎው ካለቀ ቆይቷል። እንዲያውም ሁለተኛው ማንጎ ደርሶ እርሱም አልቋል። ታዲያ አትጠይቃትም? አልኩት።

«ጋሽ መኩሪያ፣ ምን ብዬ? የሰው ፊት አለ እኮ። እርስዎ ይጠይቁልኝ» አለኝ።

መሰላሉ የራሱ ነው። መጠየቅ የሚያፍረውም እርሱው ነው። ልስቅ ነበር፤ ሙሜ ትዝ አለኝና ተውኩት።

ሩሐማ በመኪናዋ አልሄድም አለች። መኪናዋ ፊት አላሳይም አለች። ፖሊሹ መኪናዋን አላጠራም አለ። ማሽኑ ፖሊሹን አላሽም አለ። መብራቱ ማሽኑን አላዞርም አለ። ተካልኝ መብራቱን አልቀጥልም አለ። መሰላሉ ደግሞ ተካልኝን ከተሸከመ ዘመን አልፎታል።

እትዬ ዘሃራ ግቢ ገባሁ። መሰላሉን አየሁት። ቆሞ አይደለም። በጎኑ ጋደም ብሎ፣ ግራና ቀኙ በገመድ ታስሮ፣ የፍየል ጉረኖ በር ሆኗል። ሹመት ነው። በመሰላሉ እርከን መሀል አንዲት ቀንዳም ፍየል አንገቷን አውጥታ ታየኛለች።

የተካልኝ መሰላል፣ አልኳት።

«እኔስ መቼ ይጠይቀኛል እያልኩ አይደል የምጠብቀው» አለች ዘሃራ። «ዝም ሲል ጊዜ ትርፍ መሰላል አለው ብዬ።»

እሱ አንቺ እስክትመልሺ ይጠብቃል። አንቺ እሱ እስኪጠይቅ ትጠብቂያለሽ። ፍየሏ ብቻ ናት አሳብ የሌላት። ይህን በሆዴ ነው ያልኩት። በአፌ፣ ልፍታው? አልኳት።

አይሆንም አለች። መሰላሉ ከተፈታ ፍየሏ ትወጣለች። ባለፈው ወጥታ የጎረቤት አንሶላ ከነመቆንጠጫው በልታለች። ዘሃራ ልትሰዳት የፈለገችው መልካ ጀብዱ ነው። እዚያ ልጇ አራስ ናት፤ ለእርሷ ወተት ነው። ፍየሏ ዛሬ ከሄደች መሰላሉን ዛሬ ውሰደው አለችኝ። ባጃጅ አትጭናትም? አልኳት። ጭኗት ነበር፣ ወንበሩን በላችበት አለች። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ባጃጅ ሁሉ ፍየሏን ሲያይ መንገድ ይቀይራል።

ሩሐማ በመኪናዋ አልሄድም አለች። መኪናዋ ፊት አላሳይም አለች። ፖሊሹ መኪናዋን አላጠራም አለ። ማሽኑ ፖሊሹን አላሽም አለ። መብራቱ ማሽኑን አላዞርም አለ። ተካልኝ መብራቱን አልቀጥልም አለ። መሰላሉ ተካልኝን አልሸከምም አለ። ፍየሏ መሰላሉን አልለቅም አለች። ሠርጌ አሁን በፍየል እጅ ነው። እጅ እንኳ የላትም።

ያ ወጣት አደርሳታለሁ ብሎኝ ነበር አለች ዘሃራ። ከግንቡ ማዶ ጠቆመችኝ። ማን ነው ብዬ ብወጣ ዮናታን ነው፤ የሙሽራው ሚዜ፣ ባለ ነጯ መኪና።

መኪናውን ያጥባል። እሱስ ያውቅበታል። በደረቅ ጨርቅ አይነካትም። ውኃ ያወርድባታል፣ አረፋ ያለብሳታል፣ በለስላሳ ጓንት ያሻታል። ሕፃን እንኳ እንዲህ አይታጠብም። ነጯ መኪና ታበራለች። ጠጋ ብዬ በሯ ላይ ፊቴን አየሁት። አርጅቻለሁ።

ፍየሏን ነገርኩት። ፈገግ አለ። ያኔ ቃል የገባሁት ቀንድ እንዳላት ሳላውቅ ነው አለኝ። የቀለሙን ስም ነገረኝ፣ ረጅም ስም ነው፣ አልያዝኩትም። ቀንዷ አንዴ ከነካው አለቀ አለኝ። ደግሞ እሑድ ሙሽራ ሊጭን ነው። ሙሽራዋ የማን ልጅ እንደሆነች ሊነግረኝም ጀምሮ ነበር፣ ትዝ ሲለው ተወው።

ሩሐማ በመኪናዋ አልሄድም አለች። መኪናዋ ፊት አላሳይም አለች። ፖሊሹ አላጠራም፣ ማሽኑ አላሽም፣ መብራቱ አላዞርም፣ ተካልኝ አልቀጥልም፣ መሰላሉ አልሸከምም፣ ፍየሏ አልለቅም አለች። ነጯ መኪና ደግሞ ፍየሏን አልጭንም አለች። ከዚህ በኋላ የምጠይቀው አጣሁ። ነጯ መኪና እሑድ እኔ ልውሰዳት ያልኳትን ሙሽራ ጭና ስትሄድ ታየኝ። እኔ ከኋላ፣ በባጃጅ፣ ወንበሩ በተበላው።

ልሄድ ስል ዮናታን አዘነልኝ መሰለኝ፣ ጠራኝ።

«ጋሼ፣ ለምን በእርስዎ መኪና አይወስዷትም? የእርስዎ እኮ ከዚህ በላይ ምንም አትሆንም» አለኝ።

እግዜር ይስጥልኝ አልኩት። ከልቤ ነው። ይህን ሁሉ ሰው እየለመንኩ ስዞር፣ ራሷ መኪናዋን የጠየቃት የለም። እርሷ ደግሞ እንቢ አታውቅም።

ሄድኩና ከጋራዡ አወጣኋት። ፍየሏን ከኋላ ወንበር ጫንኳት። ወንበሩ ላይ ጆንያ አነጠፍኩ፤ ጆንያውን በላችው። ጥሩ ነው፣ ወንበሩን ረሳችው። አንገቷን በመስኮት አውጥታ ከተማውን እያየች ሄደች። እንደ እመቤት። ልጆች ሙሽራ ነው ብለው አጨበጨቡ። መልካ ጀብዱ ስንደርስ፣ ስትወርድ፣ ቀንዷን የኋላ በር ላይ አሳረፈችው። አንድ ረጅም ጭረት። ፊርማዋ ነው።

ፍየሏ ከመኪናዋ ወረደች። ጉረኖው ባዶ ሆነ። መሰላሉ ተፈታ። መሰላሉ ተካልኝን ተሸከመ። ተካልኝ መብራቱን ቀጠለ። መብራቱ ማሽኑን አዞረ። ማሽኑ ፖሊሹን አሸ። ፖሊሹ መኪናዋን አጠራ። እንቢ ሲሉ የከረሙት ሁሉ እሺ ለማለት አንድ ፍየል ነበር የቸገራቸው።

ዚያድ መጀመሪያ አጠባት። ቀጥሎ በሻካራው፣ ቀጥሎ በለስላሳው። እየቆመ በእጁ መዳፍ ሙቀቱን ይነካል። አሮጌ ቀለም ስስ ነው፣ ከበዙበት ብረቱ ይወጣል አለኝ። የሸረሪቱ ድር ጥቂት በጥቂት ጠፋ። ከሥሩ ሰማያዊ ወጣ። ይህን ሰማያዊ የማውቀው ልጄን በዳርኩ ጊዜ ነው። ዚያድም ወደ እኔ ላለማየት ማሽኑን ያጸዳ ጀመር። ጨዋ ነው።

የፍየሏ ጭረት ብቻ ቀረ። ጥልቅ ነው፣ ልተወው አለኝ። ተወው አልኩት።

እሑድ ጠዋት ሩሐማ በቬሎዋ ወጣች። መኪናዋን ሳታይ ወደ ኮፈኗ ሄደችና ጎንበስ አለች። ሩሐማ በትንሿ ጣቷ ከከንፈሯ ዳር ቀለም ጠረገች። ከዚያ ፀጉሯን አስተካከለች። ከዚያ ገባች። በሩን ስትዘጋ ረጅሙን ጭረት አየችና ይሄስ ምንድነው አለችኝ። ካንቺ በፊት የሄደችው ሙሽራ ናት አልኳት። ሙሽራው ከጎኗ ገባ። እሱን የጠየቀው የለም።

ነዳኋት። መንገዱ እንደምታውቁት አቧራ ነው። ከፊት እኔ፣ ከኋላ ዮናታን በነጯ። አቧራዬን እስከ አዳራሹ ሲጠጣ መጣ። መስታወቴ ውስጥ ሳያት ነጯ ነጭ አልነበረችም።

ከአዳራሹ በር ሙሽሮቹን አወረድኳቸው። ሩሐማ ግንባሬን ሳመችኝና በእልልታ ገባች። እኔ ከመኪናዋ ጋር ቀረሁ። አቧራ ለብሳለች፤ ይሁን፣ ውኃ አለ፣ ጊዜም አለ። ዚያድ እንዳለኝ ቀስ ብዬ አጥባታለሁ አልኩ።

ዞር ብል ሙሜ ነው። ተጠርቶ መጥቷል፤ አዲስ ሽርጥ አገልድሟል። መኪናዋን አየና ፊቱ ክፉኛ ከፋ። እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። የአሮጌ ሽርጡን ቁራጭ አወጣ። ደረቅ ነው።

ዚያድን እሺ ብዬዋለሁ። ሙሜን በቃ ልለው አፌን ከፈትኩ። እሱ ቀደመኝ።

«ጋሽ መኩሪያ፣ እርስዎ ይግቡና ይብሉ። መኪናዋን ለእኔ ይተዉልኝ፤ አቧራ ነክቷታል።»